በጉንጭ የተያዘ ድንጋይ

ከዋሻው ጣሪያ አፈር እንደ ዱቄት መርገፍ ሲጀምር፣ ቆፋሪው ያዶላህ በአፉ ፊሩዝ የሚሉትን ሰማያዊ የከበረ ድንጋይ ይዞ ነበር። በኒሻፑር የማዕድን ጉድጓዶች ከዓለት የተፈለቀቀ ፊሩዝ ከደረቀ ቀለሙን ይጥላል፤ ስለዚህ ደጅ ካለው የውሃ እንስራ እስኪደርስ ድረስ ቆፋሪው በጉንጩ ያረጥበዋል። ይኸኛው ጥርት ያለ ሰማይ ይመስላል፤ ያዶላህ በዕድሜው እንዲህ ያለ አላገኘም።

"ዝም አልክ!" አለ ታናሽ ወንድሙ ነጃፍ ከዋሻው ጥግ፣ መዶሻውን ሳያቆም እየሳቀ። "አፍህ የተዘጋው አግኝተህ ነው። ዛሬስ በግ ታርዳለህ፣ አንተ ቋጣሪ!"

ያዶላህ ቀና ሲል ከነጃፍ አጠገብ ያለው የእንጨት ምሰሶ ተሰንጥቆ ሲጎብጥ አየ። መጮህ ነበረበት። ድንጋዩን ቢተፋው ግን ከእግሩ ሥር ያለው ስለታም ኮረት ነው፤ ይሰበርበታል። ሁለት ጣቶቹን አፉ ውስጥ ከተተ፤ ቀስ አድርጎ አወጣው፤ መዳፉ ላይ አሳረፈውና "ውጣ!" አለ። ቃሉ ከዓለቱ ጋር አብሮ ወረደ።

አቧራው ሳይረጋ ፍርስራሹን በጥፍሩ ይጭር ጀመር።

"ነጃፍ! ወንድምዬ! ስማኝ!"

ከክምሩ ጀርባ ሳል ተሰማ።

"ያዶላህ..."

"አለሁ! አላየሁትም፤ በአላህ እምላለሁ፣ ምሰሶውን አላየሁትም!"

ያ የሚያፌዝበት የነጃፍ ድምፅ ቀጥኖ መጣ።

"ድንጋዩ... ትልቅ ነው?"