ስም ያልጻፈችው ተጫዋች

እሁድ እሁድ ሚቺዮና ባሏ ፉሳኦ ከጥይት ያመልጣሉ። የተዋወቁት በወጣትነታቸው ማትሱያማ ከተማ ውስጥ አንድ ጌም ቤት ነው። ጌም ቤቱ ከተዘጋ ቆይቷል፤ የተኩስ ጨዋታው ግን ከቴሌቪዥን ጋር በሚገናኝ ኮንሶል ውስጥ ገብቶ ሳሎናቸው ድረስ ተከትሏቸዋል። ትንሿ መርከብ ከግራ ወደ ቀኝ ትበራለች፣ ጥይቱ ከፊቷ እንደ በረዶ ይወርድባታል። የፉሳኦ መርከብ ፀጉር በማያሳልፍ ክፍተት ሹልክ ትላለች። በዘመኑ በከተማው የሚደርስበት አልነበረም። ሚቺዮ "ያገባሁት ለዚሁ ነው" ብላ ትቀልዳለች፤ ሙሉ በሙሉ ቀልድ ግን አይደለም።

በዚህ መከር ፉሳኦ እሁድን ተወው።

"ዓይኔ ደክሟል፤ አንቺ ተጫወቺ።"

ሌላም ሌላም መጣ። ሩዝ ሲበላ እንደ ወጉ ጣባውን ወደ አፉ ማንሳት ትቶ ገበታው ላይ ያቀረቅራል። "ምነው፣ ፊቴን ማየት አስጠላህ? እናትህ እንዲህ አድርጋ ነው ያሳደገችህ?" ስትለው "ደክሞኝ ነው" ይላል። የጋብቻ ቀለበቱን መሳቢያ ውስጥ፣ ከካልሲ ሥር አገኘችው። ስልክ ሲደወልለት በረንዳ ይወጣል። አንድ ቀን መጋረጃው ጀርባ ቆማ ሰማችው።

"እሺ ወይዘሪት ሱጋያ፣ ሐሙስ እመጣለሁ። ባለቤቴ? የለም፣ አልነገርኳትም።"

ሚቺዮ የምትሠራው ትምህርት ቤት ወጥ ቤት ነው። በማግስቱ ሽንኩርት እየከተፈች ለባልደረባዋ ለካትሱኮ ሁሉንም ዘረገፈችላት። እንባው የሽንኩርቱ ይሁን የሷ አልታወቀም።

"ያልጠረጠረ ተመነጠረ!" አለች ካትሱኮ። "ልንገርሽ? ጠዋት የምሳፈረው ባልሽ የሚነዳውን ትራም አልነበር? ወር ሙሉ ሌላ ሰው ነው የሚነዳው።"

"ፈረቃ ቀይሮ ይሆናላ።"

"ይሁንልሽ። የሥራ ልብሱን ለብሶ ከቤት ይወጣል?"

"በየቀኑ።"

"እንግዲያው ለማን እንደሚለብሰው ጠይቂው።"

አልጠየቀችውም። ብትጠይቀው እውነቱን ይነግራት ይሆናል፤ የፈራችውም ይህንኑ ነው።

እሁድ ብቻዋን ለመጫወት ተቀመጠች። ኮንሶሉ የተጫወቱትን ሁሉ ከነቀኑ ከነሰዓቱ ይቀዳል። ፉሳኦ የራሱን ጨዋታ መልሶ የሚያይ ሰው ስላልሆነ ይህን ዝርዝር ከፍቶትም አያውቅም። ሚቺዮ ያለፈውን የራሷን ጨዋታ ልታይ ከፈተችው። የማታውቃቸው አሥራ ሁለት ቅጂዎች ተደርድረዋል። ሁሉም በሥራ ቀን፣ ሁሉም ከረፋዱ አራት ሰዓት ላይ፣ እሷ የልጆች ሾርባ ስታማስል። በስም ቦታ ሦስት ሰረዝ ብቻ።

የመጀመሪያውን አጫወተችው። በጌም ቤት ያደገ ሰው የተጫዋችን እጅ እንደ እጅ ጽሑፍ ይለየዋል። ይህ የፉሳኦ እጅ አልነበረም። መርከቧ ከግድግዳ ትላተማለች፣ ጥይት ሲመጣ ባለችበት ደርቃ ትቀራለች፣ ተኩሷ ዘግይቶ ነው የሚወጣው። የመንጃ ዘንግ ይዛ የማታውቅ ጀማሪ! ነገር ግን በየቀኑ ትንሽ ትንሽ ይሻላታል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን የመጀመሪያው ግዙፍ ጠላት ፊት ደርሳለች። አንድ ሰው አጠገቧ ተቀምጦ፣ ሳይሰለች፣ እያስተማራት ነው።

ፉሳኦ ሚቺዮንም ያስተማራት እንደዚህ ነበር፤ ግራ እጇን መንጃው ዘንግ ላይ፣ ቀኝ እጇን የተኩሱ ቁልፍ ላይ አስይዞ፣ የሷን እጅ በራሱ እጅ ሸፍኖ። ሆቴል ቢወስዳት ይሻል ነበር። የኛን ጨዋታ? በኛው ምንጣፍ ላይ? ወይ ድፍረት!

ሰኞ ከማዘጋጃ ቤት የፍቺ ቅጽ አመጣች። ስሟን ጻፈች፣ በፊርማ ምትክ የግል ማኅተሟን አተመች። የቀረው የሱ ቦታ ብቻ ነው። ሃያ ስድስት ዓመት በአንዲት ወረቀት ሊያልቅ ሆነ፤ ማኅተሙ ትንሽ ተዛንፏል።

ማክሰኞ ማታ በእራት ላይ የመጨረሻ ዕድል ሰጠችው።

"ነገ ሥራ ነህ?"

"ነኝ።"

"እስከ ስንት?"

"እስከ ማታ። ምነው?"

"ምንም።"

ፉሳኦ ማንኪያውን አስቀመጠ። "ሚቺዮ..." አለ። "ሾርባው ይጥማል።"

"ውሸታም" አለች በሆዷ።

ረቡዕ ከአራት ሰዓት በፊት ለካትሱኮ ድስቱን አስረክባት ወጣች።

"ፀጉሯን እንዳትነጪ፣ አንቺው ትከሰሻለሽ!" አለቻት ካትሱኮ ከኋላዋ።

ቤት ስትደርስ በሩ አልተቆለፈም። መግቢያው ላይ የፉሳኦ ጫማ ብቻ አለ። ሴትየዋ ጫማዋን ይዛ ገብታለች ማለት ነው፤ ልምድ ያላት ናት! ሚቺዮ ጫማዋን አውልቃ በካልሲ ሄደች። ከሳሎን የተኩስ ድምፅ ይሰማል፤ ከተኩሱ ሥር የባሏ ድምፅ፣ ለስለስ ያለ፣ ለሷ ከተናገረው ዓመታት ያለፉት ዓይነት።

"ቀስ... ቀስ... ትንሽ ወደ ላይ... እሰይ! አሁንስ ተቻለ።"

ቅጹን ከቦርሳዋ አወጣች፣ ተንሸራታቹን በር በአንድ ጊዜ ገፋችው።

ፉሳኦ ብቻውን ነበር፤ አልታዘዝ ያለ ግራ እጁን ከመንጃው ዘንግ ጋር በፎጣ አስሮ፣ የደነዘዘውን ክንድ በቀኝ እጁ እየገፋ፣ የተኩሱን ቁልፍ በእግሩ አውራ ጣት ይጫናል። አጠገቡ ምንጣፉ ላይ የሆስፒታል ቀጠሮ ካርድ አለ፦ ሐሙስ፣ የእጅ ማገገሚያ ሕክምና፣ ወይዘሪት ሱጋያ።