ግራ እግር

የብስክሌተኛው ግራ እግር ከዳነ ሰንብቷል። ያም ሆኖ ያነክሳል፤ ማንከሱን ከተወ የቡድን ጓደኛው ኪሮስ ከፊት ከፊቱ እየነዳ ንፋሱን አይጋፈጥለትም፤ ከልምምድ በኋላም እግሩን አያሽለትም።

ያን ቀን አብረው ሲወድቁ «ደህና ነኝ» ብሎ ቀድሞ የተነሳውና እሱን ደግፎ ያነሳው ኪሮስ ነበር። «ድንገት ፍሬን ባልይዝ ኖሮ» እያለ እስካሁን ራሱን ይወቅሳል። ብስክሌተኛው ግን ተዘናግቶ ከኋላ የኪሮስን ጎማ የነካው ራሱ መሆኑን ያውቃል። ሊነግረው አፉን ይከፍትና መልሶ ይዘጋዋል።

ዛሬ ጠዋት አሰልጣኙ ብስክሌቱ ላይ የጉልበት መለኪያ ገጠመለት። መሣሪያው የእያንዳንዱን እግር ጉልበት ለየብቻ ያሳያል። ጉዱ ሊፈላ ነው። ከከተማ እንደወጡ ኮርቻው አልተመቸኝም ብሎ ኪሮስን ብስክሌት እንዲቀያየሩ ለመነው። ኪሮስም እሺ አለው። አሰልጣኙ የሁለቱ እግሮች ጉልበት እንዴት እኩል ሆነ ብሎ ከጠየቀ «ዛሬ የነዳበት ኪሮስ ነው» ሊል አስቧል።

ሲመለሱ ከተማው መግቢያ ላይ ብስክሌታቸውን መልሰው ተቀያየሩ። አሰልጣኙ መለኪያውን አገላብጦ አየና ወደ ብስክሌተኛው ዞረ።

«ለካ እንዲህ ተጎድተህ ነው! ሥራውን ሁሉ የተሸከመው ቀኙ ነው፤ ግራ እግርህማ ለይምሰል ነው የሚዞረው። በዚህ ሕመም እንዴት አድርገህ ነዳህ? ነገውኑ ራጅ ትነሳለህ።»

ብስክሌተኛው ያዘጋጀውን መልስ ትቶ የኪሮስን ግራ እግር አየ።

ኪሮስ ቀና አላለም። ግራ እግሩን እንደዘረጋ በቀኝ ጉልበቱ ተንበርክኮ ቅባቱን በመዳፎቹ መሃል እያሞቀ፣ «በል፣ እግርህን አምጣ» አለው።