የምድር ቤቱ ጠቋሚ

ጉርባዝ ሲንግ ካናዳ፣ ብራምፕተን ከተማ ውስጥ፣ አንድ ምድር ቤት ተከራይቶ ከሁለት የፑንጃብ ልጆች ጋር ይኖር ነበር። ኮሌጁን ጨርሷል። የቀረው ለተመራቂ የውጭ ተማሪ የሚሰጠው የሥራ ፈቃድ ብቻ ነው። ፈቃዱ በዕድሜ አንዴ ነው የሚሰጠው። ያገኘ ሰው ሠርቶ መኖሪያ ይጠይቃል፤ የተከለከለ ሻንጣውን ያነሳል። አባቱ የመሬታቸውን እኩሌታ የሸጡት ለዚህ ነበር።

ሕጉ ደግሞ አንድ ነገር ይላል፤ ተማሪ ትምህርት ላይ እያለ በሳምንት ከሃያ አራት ሰዓት በላይ አይሠራም። የቤት ኪራይ ግን ሕግ አያውቅም። ጉርባዝ ተማሪ ሳለ ከትምህርት ሲመለስ ሱቅ ይሠራ፣ ሌሊቱን ደግሞ ዶሮ በሚበለትበት ፋብሪካ ቆሞ ያድር ነበር። እንዲህ ሆኖ ሁለት ዓመት ገፋ።

እናቱ፣ ‹ቢጂ› የሚላት፣ በየእሑዱ በቪዲዮ ትደውላለች። ስልኩን የምትከፍትላት ከግንቡ ወዲያ የምትኖረው ጎረቤቷ ኪራት ናት፤ እሷም ለእንግሊዝኛ ፈተና የምትዘጋጅ፣ ካናዳ ካናዳ የምትል ልጅ ናት።

«ዓይንህ ጎድጉዷል። ትተኛለህ?» ትለዋለች እናቱ።

«የሚበቃኝን እተኛለሁ፣ ቢጂ።»

«ሱክማንም ለእናቱ እንደዚሁ ይላት ነበር።»

ሱክማን የመንደራቸው ልጅ ነው። ካናዳ ሁለት ሥራ ይዞ ሲሮጥ፣ አንድ ቀን ተኝቶ ሳይነቃ ቀረና በሳጥን ተመለሰ። ጉርባዝ ስሙ ሲነሳ አይወድም።

«እኔ እኮ ሌሊት ጣፋጭ ነው የማሽገው፣ ቢጂ። ጣፋጭ ሰው ገድሎ ያውቃል?»

ምን ይበላት? ቤታቸው ሥጋ ገብቶ አያውቅም። ልጇ በዶሮ ደም ሲነከር እንደሚያድር ብትሰማ ውሃ አትቀምስም። ደግሞም ከኋላው ጠረጴዛው ላይ ላዱ የሚባለው ጣፋጭ ካርቶን ይታያታል። ካርቶኑ አብሮት የሚኖረው የጃግሩፕ ነው፤ ጣፋጭ ቤት ስለሚሠራ የተረፈውን ለቤቱ ልጆች ያመጣል።

ጃግሩፕ ሕግ አክባሪ ነው፤ አክባሪነቱም ያንገሸግሻል። ሰዓቱ ሲሞላ ገንዘብ ብትቆልልለት ንቅንቅ አይልም።

«አንተ ሰውዬ፣ ተው!» አለው አንድ ቀን። «አንድ ሰው ቢጠቁምብህ አለቀልህ።»

«ማን ይጠቁማል? አንተ ካልሆንክ?»

ሦስተኛው ልጅ ማንቪር ሳቀ። ጃግሩፕ አልሳቀም።

ክረምቱ በበረታበት ሰሞን፣ ጉርባዝ የፈቃድ ማመልከቻውን ካስገባ በኋላ፣ ከኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤቱ መልእክት መጣ። ተማሪ ሳለ ሌሊት ሌሊት ጣፋጭ ፋብሪካ ከተፈቀደው በላይ ይሠራ እንደነበር ጥቆማ ደርሶናል፤ የባንክ ሒሳቡን ያቅርብ፣ ይላል።

ጉርባዝ መልእክቱን ለማንቪር ሰጠው።

«ጣፋጭ?» አለ ማንቪር። «ከዚህ ቤት ጣፋጭ ጣፋጭ የሚሸተው ማን ነው?»

ሁለቱም ጠረጴዛው ላይ ያለውን ካርቶን አዩ። የሰው ሆዱ የወፍ ወንዱ አይታወቅም።

ጃግሩፕ በረዶውን ከጫማው እያራገፈ ሲገባ ፍራሹ በር ላይ ተጠቅልሎ ጠበቀው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ውጣ! አንተ እባብ! አብረን ከአንድ ድስት እየበላን!»

ጃግሩፕ መልእክቱን ሁለት ጊዜ አነበበ። «ወንድሜ፣ የምትሠራው ዶሮ ቤት እንደሆነ አውቃለሁ። እኔ ብጠቁም ምን አስቤ ጣፋጭ እላለሁ?»

«እንዳትታወቅ ነዋ! ውሸት ስትፈልግ አፍህ ላይ የመጣው የራስህ ሥራ ነው።»

«በእናቴ እምላለሁ...»

«እናትህን ተዋት! የእኔ እናት ናት ነገ ደረቷን የምትመታው!»

ጃግሩፕ ከዚያ ወዲያ አልተከራከረም። ፍራሹን ተሸክሞ ደረጃውን ወጣ። በሩ ላይ ዞር አለ። «እውነቱን የሰማህ ቀን አትደውልልኝ» አለው።

በዚያ ብርድ የት እንዳደረ የጠየቀ የለም። ማንቪር ወሬውን ከሲኮቹ ቤተ መቅደስ ማዕድ ቤት እስከ አውቶቡስ ፌርማታው አዳረሰው። ጃግሩፕ ቤት ሊከራይ በሄደበት ሁሉ ‹ጠቋሚው መጣ› ተባለ። በኋላ ከተማውን ለቆ ሄደ ሲሉ ጉርባዝ ሰማ፤ እሰይ አለ።

እሰይታው ግን ፈቃድ አልሆነለትም። ፋብሪካው በየሁለት ሳምንቱ ባንክ ያስገባለት ደመወዝ ራሱ መሰከረበት። በረዶው መቅለጥ ሲጀምር መልሱ መጣ፤ ተከልክሏል፣ አገሩ ይግባ።

ለእናቱ እንዴት እንደሚነግራት ቀኑን ሙሉ ሲያስብ ዋለ። ስለ መሬቱ ምን ይበላት? አባቱን በየትኛው ዓይኑ ያያቸዋል? ጃግሩፕን ደጋግሞ ረገመው። በመጨረሻ ደወለ። እናቱ ራሷ አነሳች።

«ቢጂ... ፈቃዱን ከለከሉኝ። መመለሴ ነው።»

ለቅሶዋን ጠበቀ። ስልኩ ግን አልጋው ላይ ተወረወረና ጣሪያው ብቻ ታየው። ነጠላ ጫማዋ ግቢውን አቋርጦ ሲሮጥ ሰማ። ቀጥሎ ድምፅዋ ከግንቡ ሥር መጣ።

«ኪራት! ነይማ ልጄ፣ ለካናዳ መንግሥት የጻፍሽልኝ ሠራ! ልጄ በቁሙ ሊመጣልኝ ነው!»