የሚያምሽ ቦታ ላይ

ሐኪሙ ጓንቱን አውልቆ፣ «በሁለቱም የዘር ፍሬዎች ውስጥ ፈለግን፤ የወንድ ዘር አላገኘንም» ብሎ ወጣ። ባልየው ለቡ ባለው ክሊኒክ አልጋ ላይ ተንጋሎ ጣሪያውን ያያል። ከወገቡ በታች በማደንዘዣው ደንዝዞ የሌላ ሰው ገላ ሆኖበታል። ሚስቱ እግሩ እንዳይበርደው ካልሲ ስታጠልቅለት ስልኳ ጠራ፤ እጇ ስለተያዘ ስፒከር ላይ አደረገችው። እናቱ ነበሩ፣ ከፉሪ። ስድስት ዓመት ሙሉ መካኗ እሷ ናት ብለው በየጸሎት ቤቱ ሲያስጸልዩላት ኖረዋል፤ እሱም አንድ ቀን አላረማቸውም። ዛሬም የታከመችው እሷ ነው የመሰላቸው።

«ጨረሽ ልጄ? በይ እጅሽን የሚያምሽ ቦታ ላይ ጫኚ፤ እንጸልይ።»

ሚስቱ ለአፍታ ዐይን ዐይኑን አየችው። ከዚያ እጇን አንሶላው ላይ፣ ከእምብርቱ ዝቅ አድርጋ ጫነች። እጇ ሲያርፍ አየ እንጂ አልተሰማውም። እናቱ ማኅፀኗ እንዲከፈት በኢየሱስ ስም አዘዙ።

«አሜን» አለች። እሱም «አሜን» አለ።

«ውይ፣ አብረሃት ነህ እንዴ? ጎሽ የኔ ልጅ! አደራ፣ እንዳትከፋባት።»

«እሺ፣ እማዬ» አለ።

ሚስቱ እጇን አንስታ ሁለተኛውን ካልሲ ያዘች።