ለክፉ ቀን

እናትየው የአስም መድኃኒት ፍለጋ ፋርማሲውን ሁሉ አዳርሳ ባዶ እጇን ተመለሰች። ልጇ አልጋው ጫፍ ላይ ጎብጣ ደረቷ ሲር ሲር ይል ነበር። ባንክ የሚሠራው የእናትየው ወንድም ግን ሻዩን እያማሰለ፣ «መድኃኒት ማስገቢያ ዶላር የለም ያሉሽ ውሸታቸውን ነው» አላት። «የአገሪቱ የዶላር መጠባበቂያ ከዓመት ዓመት እየጨመረ ነው፤ ወርቁማ በእጥፍ አድጓል። ለክፉ ቀን ስለሆነ ነው የማይነካው።»

የአንገቷ ደም ሥር ተገታተረ። «ክፉ ቀን ደብዳቤ ጽፎ፣ ማኅተም አስመትቶ ነው እንዴ የሚመጣው? ይኸው አልጋዬ ላይ ቁጭ ብሎልሃል!»

«አንቺ ደግሞ ነገር ታካብጃለሽ።»

«እማዬ» አለች ልጅቷ በተቆራረጠ ድምፅ፣ «ሳጥን ውስጥ ያለውን ስጪኝ።»

የእናትየው እጅ አንገቷ ላይ በክር ያንጠለጠለችውን የሳጥን ቁልፍ ጨበጠ። የመጨረሻዋ መድኃኒት እዚያ ተቆልፋ ነበር። ከትናንት ጀምሮ ልጅቷ በለመነቻት ቁጥር፣ «ትንሽ ቻይ የኔ ልጅ፤ ለክፉ ቀን ትቆይልን» ትላት ነበር። የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ላይ ጮኸባት። ክሩን በጠሰችው፤ ሳጥኑን ከፍታ መድኃኒቱን ለልጇ ሰጠች። ከዚያ ቁልፉን ከወንድሟ ሻይ አጠገብ ወረወረችው።

«እኔ ከፈትኩ» አለችው። «እናንተስ?»