አርባ ሁለት ቁጥር

ናፊሳ አዲሱን ጫማ ከፌስታሉ አውጥታ፣ አፍንጫውን ወደ ቤት አዙራ ደጃፉ ላይ አስቀመጠችው። አርባ ሁለት ቁጥር ነው፤ ትናንት ታይዋን በሚባለው ገበያ ስትከራከር ውላ የገዛችው።

ጎረቤቷ መሪያም የሟች ባሏን ነጠላ ጫማ በሯ ላይ እያስተካከለች ዞር ብላ አየቻት። "አቦ፣ ይሄ ደግሞ የማን ነው?"

"የዛኪር ነዋ።"

"ዛኪርን በስድስት ዓመቱ አይደል እንዴ ጎርፉ የወሰደው? ምን ነካሽ አንቺ? የሞተ ልጅ ያድጋል?"

"የኔ አድጓል። እኩያው አዩብ እንኳ ዘንድሮ አገባ። እስከ መቼ በሕፃን ጫማ ልጠብቀው?"

መሪያም፣ "ዋላሂ ፈራሁልሽ" ብላ ቤቷ ገባች።

ደቻቱ ወንዝ ዳር ባለችው በዚህች የመጋላ መንደር፣ ጎርፉ ሰው የወሰደበት ቤት ሁሉ በዓመት አንድ ቀን እንዲህ ያደርጋል። ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት እንዳለቀ የሟቹ ጫማ ደጅ ይወጣል፤ በሩ ገርበብ ይላል፤ የቤቱ ሰው ጀርባውን ለበሩ ሰጥቶ ፀሐይ እስክትጠልቅ፣ እስከ መግሪብ ይቀመጣል። ሼኾቹ ሀራም ነው ብለው ተቆጥተው ተቆጥተው ደክሟቸዋል። ጫማው ግን ሰማዩ እሳት በሚተፋበት ዓመት እንኳ ውስጡ ርሶ ይገኛል። ማን ይተወዋል ታዲያ?

ናፊሳ ምንጣፏ ላይ ተቀመጠች። የልጅነቱን ኮንጎ ጫማ ዘንድሮ ሳጥን ውስጥ ቆልፋበታለች። ትንሽ ቆይቶ በየዓመቱ የምታውቀው ኮቴ መጣ፤ ጠብ ጠብ የሚል፣ እርጥብ፣ የሕፃን እግር። መጣልኝ፣ አለች በልቧ።

ኮቴው ደጃፉ ላይ ቆመ። ወዲያ አለ፣ ወዲህ አለ። ትንንሽ ጣቶች መሬቱን ሲዳብሱ ሰማች። ከዚያ ለቅሶ ተከተለ፤ ቤቱ የጠፋበት ልጅ እንደሚያለቅሰው፣ ድምፁን ዋጥ እያደረገ። ኮቴው ወደ መሪያም በር ሄደ፣ ተመለሰ፣ ቁልቁል ወደ ወንዙ አሸዋ ወረደ።

ያኔ ገባት። ልጇ ቤቱን የሚለየው በጫማው ነበር።

ደንቡን ጥሳ ተነሳች። ሳጥኑን ከፍታ፣ ኮንጎ ጫማውን ይዛ ወጣች። "ዛኪር፣ ቤትህ ይሄ ነው! ና ልጄ!" መንገዱ ላይ ማንም የለም። አቧራው ላይ የትንሽ እግር እርጥብ ዱካ ወደ ወንዙ ይወርዳል፤ ዓይኗ እያየ ይደርቃል።

እያለቀሰች ኮንጎ ጫማውን ደጃፉ ላይ ልታስቀምጥ ተንበረከከች። ቦታው ባዶ ነው። አዲሱ ጫማ የለም፤ ከቦታው የትልቅ ጫማ እርጥብ ዱካ ወደ ቤት ገብቷል።

የመግሪብ አዛን ተጀመረ። ከቤት ውስጥ፣ እሷ ከተነሳችበት ምንጣፍ በኩል፣ የጎረመሰ ድምፅ ጠራት።

"እማ፣ ግቢና በሩን ዝጊው።"