የድሮ ሴት

ገበየሁ ከከላላ መካነ ሰላም የመጣው ሊጣላ ነው። ሚኒባሱ ውስጥ አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ሁሉ ነገሩን ተናግሮ ጨርሷል። የሟች እህቱ ልጅ የትምወርቅ የአያቷን ቀሚስ ለብሳ፣ ራሷን በራሷ ፎቶ እያነሳች «የድሮ ሴት» ብላ አዳራሽ ሙሉ ሰቅላለች አሉ።

ልጅቷ ሰሞኑን ደጋግማ ደውላለት ነበር። አዳራሹ ለሰው ሳይከፈት ብቻዎን ይምጡ፣ አንድ የማሳይዎት ነገር አለ ስትለው፣ ልታባብለኝ ነው ብሎ ስልኩን ዘጋባት።

በእናቱ ነገር ገበየሁ ቀልድ አያውቅም። በደርግ ጊዜ ለጦር ሲወሰድ ገና ጺም አላበቀለም ነበር። ሞቷል ተብሎ መርዶ መጣ። እናቱ ብርሀንነሽ የሟች ቤተሰብ ተብላ ወረዳ ድረስ ተጠራች፤ ከዚያም ዓመት አልቆየች፣ አረፈች። እሱ ግን ከምርኮ በእግሩ ተመለሰ። በቁሙ የተለቀሰለት ሰው የለቅሶውን ነገር ካየ አይበጀውም ይላሉና፣ ዘመዶቹ ከማቁ ጀምሮ ሁሉን ደብቀው ጠበቁት። እህቱም እስክትሞት አንድ ቃል አልነገረችው። እሱም አልጠየቀም።

ከዚያ ወዲህ ሲፈልግ የኖረው የእናቱን ፎቶ ነው። በየዘመዱ ቤት ዞሯል፤ አንድም አላገኘም። ፊቷ ደግሞ ከልቡ እየሸሸ ነው። ሹሩባዋን ያስታውሳል፣ ሳቋን ያስታውሳል፤ ዓይኗ ላይ ሲደርስ ይጠፋበታል። አሁን መልኳ ቁርጥ አያቷን የሆነች ልጅ በየግድግዳው እየተደረደረች፣ የቀረችውን ጥቂትም ልትፍቅበት ነው። ያንገበገበው ይሄ ነው።

ነሐሴ ነበርና ዝናቡ የአዳራሹን በር ይደበድባል። የአዳራሹ ጠባቂ በሽር ፊቱን ሲያየው ነገሩ ገባው።

«ያ ገበየሁ፣ ልጅ ናት፣ አውፍ በላት፣ ይቅር በላት። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል» አለው።

ማን ሰምቶት። ገፍቶት ገባ።

በመጀመሪያው ፎቶ የትምወርቅ እንጨት ተሸክማ ጎብጣለች፤ ከፊቷ በበቅሎ የሚሄደው ባልም እሷው ናት፣ ጺም ለጥፋ። በሁለተኛው እግር አጣቢዋ እሷ፣ እግሩን የዘረጋው ጌታም እሷ። ከካሜራው ወደ እጇ የሚመጣውን ቀጭን ጥቁር ገመድ እንኳ አልደበቀችውም፤ በየፎቶው ማንሻውን ጨብጣ ትታያለች። በየፎቶው ሥር ደግሞ ስሟን በትልቁ ጽፋለች። ለማየት የመጡት ወንዶች ይስቃሉ። ሴቶቹ ቆመው ያያሉ።

«የድሮ ሴት እንዲህ አልነበረችም» አለ ገበየሁ፣ ሰው እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። «እናቴ ስታገለግል ደስ ብሏት፣ ተከብራ ነው የኖረች።»

«ደስ ብሎሻል ወይ ብለው ጠይቀዋት ያውቃሉ፣ ጋሼ?» አለች የትምወርቅ።

ጀርባውን ሰጥቷት አለፈ።

ጥግ ላይ የተሰቀለችውን፣ ከሁሉ ያነሰችውን ፎቶ ሲያይ ግን ደሙ ፈላ። ሴትዮዋ ራሷን ተላጭታለች። ጉንጯን ነጭታ አቁስላዋለች፣ ወገቧን በገመድ ታጥቃለች፣ ሁለት ባዶ እጆቿን ደረቷ ላይ አድርጋ ትኩር ብላ ታየዋለች። ወረቀቱን ሳይቀር፣ ሻይ ነክራው ይሁን ጭስ አሙቃው፣ አሮጌ አስመስላዋለች። ማንሻውን እዚህኛው ላይ ደብቃዋለች። ከሥሩም ስሟ የለም። ይሄስ ራሷንም አሳፍሯታል አለ በልቡ። ዛሬ ጥብቅ አድርጋ ሻሽ ያሰረችው ለካ ለዚህ ነው፤ ለፎቶ ብላ ራሷን ተላጭታ። ያቺን ባለ ሹሩባ፣ ያቺን ሳቂታ ብርሀንነሽን እብድ አድርጋ ሰቀለቻት።

እጁን ሲዘረጋ የትምወርቅ መሐል ገባች።

«ጋሼ፣ ሌላውን ሁሉ ይቅደዱት፣ ደግሜ አነሳዋለሁ። ይቺን ብቻ ይተዉልኝ።»

«እንዲያውስ ይቺን ነው» አለ።

ገፈተራት። ፎቶዋን ከግድግዳው ነቅሎ ሁለት ቦታ ቀደዳት፣ ደግሞ ደራርቦ ቀደዳት። በሽር ደርሶ እጁን ሲይዘው ቁርጥራጩን በበሩ ወደ ውጭ በተነው። ጎርፉ ተቀብሎ ወደ ቦዩ ይዞት ሄደ።

ገበየሁ ትንፋሹን ሰበሰበ። ቀለል አለው። ደስ አለው እንጂ፣ ምን ይደበቃል። በሕይወቷ ሳለች ያልደረሰላትን እናቱን ዛሬ የጠበቃት መሰለው።

የትምወርቅ ወደ ዝናቡ ሮጣ ወጣች። ጭቃው ላይ ተንበርክካ የቀረውን ስትለቅም ሻሿ ወለቀ። ጸጉሯ ትከሻዋ ላይ ተዘረገፈ።

«ጋሼ፣ ይቺ እኔ አይደለሁም» አለች ቀና ሳትል፣ «የእርስዎ መርዶ የመጣ ሰሞን፣ ወረዳ ተጠርታ ነው የተነሳችው።»